ቪዲዮ ጌምና አእምሯቸው በተለየ መንገድ የሚያድግ ልጆች፦ የሀዋሳ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች የተጻፉት ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትና ለውጥን መቀበል የሚከብድበት የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ)፣ ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ)፣ ዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር) ወይም ዲስፕራክሲያ (እንቅስቃሴን የማቀናጀት ችግር) ያለባቸውን ልጆች በሀዋሳና በአካባቢዋ ለሚያሳድጉ ወላጆች፣ አያቶችና መምህራን ነው። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሥራዬ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መድኃኒት ከምጠየቀው ባልተናነሰ ስለ ስልክና ስለ ፕሌይስቴሽን እጠየቃለሁ። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የጥፋተኝነት ስሜት ይታይባቸዋል፤ ልጃቸው ጌም ሲይዝ ፊቱ እንደሚፈካ ያያሉ፣ ያንን ደስታ ግን የራሳቸው ድክመት አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ በበኩሌ ጌም ለእነዚህ ልጆች ብዙ ሊሠራ እንደሚችል አምናለሁ፤ የሚሠራው ግን አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው ሲኖር ነው ብዬ ስለማምን ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ወደዚያው ያመራሉ።

ቪዲዮ ጌም በእርግጥ ይጠቅማቸዋል ወይስ ልጁን ዝም ማሰኛ ብቻ ነው?

ይጠቅማቸዋል፤ የሚጠቅማቸውም በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የጌም ሕግ ግልጽና የማይለዋወጥ ነው፤ አንድ ቁልፍ ትናንት ሲጫን የሆነው ነገር ዛሬም ሲጫን ይሆናል። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ቀልድ የቱ እንደሆነና ስድብ የቱ እንደሆነ ማንም ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ስለሌለ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲገምት ይውላል። ሁለተኛ፣ ጌም ውስጥ መሳሳት ብዙ አያስከፍልም፤ ልጁ ቢወድቅ ማንም ሳይስቅበት ወዲያው እንደገና ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ክብደቱ ልጁ በቻለው መጠን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሃምሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ያለ መምህር ይህንን ለእያንዳንዱ ልጅ ላድርግ ቢል አይችልም።

ዝም ማሰኛ መሆኑም ቢሆን ሁልጊዜ ነውር አይደለም። እናት ወጥ እስክትሠራ ልጁ ለግማሽ ሰዓት ጌም ቢጫወት እናቲቱም ልጁም ያርፋሉ፤ በዚህ የሚያፍር ወላጅ ሊኖር አይገባም። ማወቅ የሚያስፈልገው ልጁ በጌም የተማረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ጌሙ ውስጥ እንደሚቀር ነው። ተራ መጠበቅን በስክሪን ላይ የለመደ ልጅ በዳቦ ቤት ሰልፍ ላይም እንዲጠብቅ፣ አንድ ትልቅ ሰው «ልክ እንደ ጌሙ፣ አሁን የእሷ ተራ ነው፣ ቀጥሎ ያንተ» እያለ በተደጋጋሚ ሊያገናኝለት ይገባል።

ልጄ ኦቲዝም የያዘው ስልክ በማየቱ ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

እውነት አይደለም። ኦቲዝም ከመወለድ በፊት ጀምሮ ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘና የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ ያለው ሁኔታ ነው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም አሜሪካ ውስጥ በ11 ልጆች ላይ ያየውን መዝግቦ ጽሑፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሆን፣ ያኔ ስማርት ስልክ ሊታሰብ ይቅርና ቴሌቪዥን እንኳ በየቤቱ አልነበረም። ስለዚህ ጎረቤት ወይም ዘመድ «ስልክ ሰጥተሽ አበላሸሽው» ቢልዎት ያንን ሸክም አይቀበሉት።

ይሁንና ዕድሜ ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት ባይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ፣ ከዚያ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሚሆን ይመክራል። በተለይ ንግግሩ የዘገየ ትንሽ ልጅ ቀኑን ሙሉ ስልክ ይዞ ከዋለ፣ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚያወራለትን ጊዜ ያጣል። ስልኩ ኦቲዝምን ባያመጣም፣ ልጁ በጣም የሚያስፈልገውን ጊዜ ሊወስድበት ይችላል።

ኤዲኤችዲ ያለበት ልጄ የቤት ሥራ ላይ አምስት ደቂቃ አይቀመጥም፤ ጌም ላይ ግን ሁለት ሰዓት ይቆያል። እያስመሰለ ይሆን?

አያስመስልም። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ትኩረት ጭራሽ የለውም ማለት አይደለም፤ የሚቸግረው ትኩረቱን በፈለገበት ሰዓት ወደ ፈለገበት ነገር መምራት ነው። ጌም ይህን ሥራ ያቀልለታል፤ ለእያንዳንዱ ድርጊት ወዲያው ድምፅ፣ ነጥብ ወይም ሽልማት ስለሚሰጥ አእምሮው የሚጠብቀውን ምላሽ ሳይዘገይ ያገኛል። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 በተደረገ ጥናት 8 ጎልማሶች ታንክ የሚነዳበት ጌም እየተጫወቱ አእምሯቸው ሲታይ፣ ከሽልማትና ከመነሣሣት ጋር የሚያያዘው ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የቤት ሥራ ደግሞ ሽልማቱ የሚመጣው ሲታረም ወይም ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነው።

ከዚህ የሚወሰድ ተግባራዊ ትምህርት አለ። የሒሳብ መምህሩ 20 ጥያቄ ቢሰጡ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከፊቱ ከማስቀመጥ ይልቅ ሌላውን በወረቀት ሸፍነው 4 ጥያቄ ብቻ ያሳዩት፤ ሠርቶ እንደጨረሰ እዚያው ያርሙለት፣ ተነሥቶ ውኃ ይጠጣ፣ ከዚያ ቀጣዩን 4 ይግለጡለት። የጌም ሠሪዎች የልጁን ትኩረት የሚይዙበት ዘዴ ይኸው ስለሆነ፣ ወላጅና መምህርም ሊጠቀሙበት ይገባል።

በሐኪም የሚታዘዝ ጌም አለ ሲባል ሰማሁ። ልጄን ሊያድነው ይችላል?

አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ኢንዴቨር አርኤክስ የተባለውን ጌም ኤዲኤችዲ ላለባቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት ልጆች በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ ፈቅዷል፤ በጌም መልክ የተሠራ ሕክምና ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነበር። ልጁ የሚጫወተው በቀን 25 ደቂቃ ያህል፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ4 ሳምንት ነው።

ዜናው ሲዛመት የተዘለለው ግን ውጤቱ በትክክል ምን እንደነበረ ነው። በ348 ልጆች ላይ በተደረገው ዋናው ሙከራ፣ ጌሙን የተጫወቱት ልጆች በኮምፒውተር በሚሰጥ የትኩረት ፈተና ተሻሽለው ሲገኙ፣ ወላጆች በዕለት ተዕለት ኑሮ ያዩትን በሞሉበት መጠይቅ ግን ሌላ ተራ ጌም ከተጫወቱት ልጆች ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልነበራቸውም። ስለዚህም ከሌላ ሕክምናና ከትምህርት ድጋፍ ጋር እንዲሰጥ እንጂ ብቻውን እንዲተካ አልተፈቀደም። ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለት ልጅ መድኃኒቱን በጌም ምክንያት ማቋረጥ የለበትም። ኤዲኤችዲም «የሚድን» ሕመም ሳይሆን ልጁ አብሮት መኖርን የሚማረው ሁኔታ ነው።

«አእምሮ ያጎለብታል» የሚሉ መተግበሪያዎች ገንዘብ ቢወጣባቸው ይጠቅማሉ?

እኔ አልመክርም። ሉሞሲቲ በተባለው የአእምሮ ማሠልጠኛ ጌም የሚታወቀው ድርጅት፣ ጌሙ ኤዲኤችዲን ጨምሮ ለተለያዩ የጤና ችግሮች እንደሚረዳ በቂ ማስረጃ ሳይኖረው አስተዋውቋል ተብሎ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከስሶ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እንዲህ ዓይነት ጌም የሚጫወት ልጅ በጌሙ ይሻሻላል፤ መሻሻሉ ወደ ክፍል ውጤት መሻገሩ ግን በጥሩ ሁኔታ አልተረጋገጠም። ለወርሃዊ ክፍያው የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ገበጣና ለጥቂት የሥዕል ደብተሮች ቢውል ይሻላል።

ማንበብ ላቃተው ልጅስ የሚሆን አለ?

በዚህ ረገድ ተስፋ የሚሰጡ ሁለት አቅጣጫዎች አሉ። የመጀመሪያው ፊደልንና ድምፅን የሚያገናኙ ጌሞች ናቸው፤ በፊንላንድ የዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ግራፎጌም በዚህ ይታወቃል፣ በዛምቢያም በአገሬው ቋንቋ ተሞክሯል። ልጁ ድምፅ ይሰማል፣ ከሚወርዱት ፊደላት መካከል ትክክለኛውን ይነካል፤ ያጠፋውን ጌሙ ራሱ እየመለሰ ያመጣለታል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የጣሊያን ጥናት ሲሆን፣ ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች በጠቅላላው ለ12 ሰዓት ፈጣን እንቅስቃሴ ያለው ጌም ከተጫወቱ በኋላ የማንበብ ፍጥነታቸው ስሕተት ሳይጨምር መሻሻሉን አሳይቷል። የተሳተፉት 20 ልጆች ብቻ ስለሆኑ ግን ከዚህ ተነሥቶ «ጌም ዲስሌክሲያን ያስወግዳል» ማለት አይቻልም።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት አጭር ጭረት ቦታ ነው፤ በ«ቡ» ጭረቷ ከቀኙ እግር መሐል ትወጣለች፣ በ«ቢ» ወደ ታች ትወርዳለች። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ዓይኑ ይህችን ጭረት ይስታል። ሀ ሁ የሚያስቆጥሩ የአማርኛ መተግበሪያዎች ብዙዎቹ ቤቱን በቅደም ተከተል ስለሚያዜሙ፣ ልጁ ዜማውን በቃሉ ይይዝና ፊደሉን ሳያውቅ ያወቀ ይመስላል። መተግበሪያ ሲመርጡ ፊደላቱን አደባልቆ የሚጠይቅ መሆኑን ያረጋግጡ። ካላገኙም ካርቶን ቆርጠው «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» ብለው ይጻፉ፤ ጭረቷን በቀይ ቀለም ያድምቁና እርስዎ ድምፁን ሲጠሩ ልጁ ካርዱን ያንሣ፤ ነጥብም ይስጡት። ልጁ በስልክ የሚወደው የጨዋታ ዓይነት ከሆነ በካርቶንም ይወደዋል።

ልጄ ጓደኛ የለውም። ጌም ይባስ ብቸኛ አያደርገውም?

ብቻውን ከተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነ ሊያደርገው ይችላል፤ ከሌላ ልጅ ጋር ከሆነ ግን ተቃራኒው ሲሆን አይቻለሁ። ብዙዎቹ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ጓደኛ ይፈልጋሉ፤ የሚያስጨንቃቸው ዓይን ለዓይን ተያይቶ ስለ ምን እንደሚወራ ሳያውቁ መቀመጥ ነው። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ስክሪን ሲያዩ የሚያወሩበት ጉዳይ ከፊታቸው አለ፤ ዓይን ማየትም ግዴታ አይሆንባቸውም።

ስቱዋርት ደንከን የተባለ የኦቲዝም ልጅ ያለው ካናዳዊ አባት ይህን ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ2013 አውትክራፍት የሚባል፣ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው ብቻ የሚሆን የማይንክራፍት (በብሎክ ቤትና ሌላም ነገር የሚገነባበት ጌም) የኢንተርኔት መጫወቻ ከፍቷል። ማንም ዝም ብሎ አይገባበትም፤ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ልጆች እንዳይሰደቡና እንዳይሾፍባቸውም ትልልቅ ሰዎች ይጠብቁታል። ከሀዋሳ ሆኖ ከዚያ መቀላቀል በዳታውም በእንግሊዝኛውም ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ ሐሳቡን ግን መውሰድ እንችላለን። በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ሁለት ስልኮች ማይንክራፍትን አብረው መጫወት ስለሚችሉ፣ የአክስት ልጅና አንድ የሚታመን ጎረቤት ለዚህ ይበቃሉ።

የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤትን በተመለከተ ደግሞ የምመክረው በጥንቃቄ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ድምፁ እስከ ዳር ተለቅቆ፣ ከተጫዋቾቹ ጀርባ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ቆመው «አቀብለው! ምታው!» እያሉ ይጮኻሉ። ጆሮው ድምፅ የማይችል ልጅ እዚያ ሊገባ አይችልም። አቶቴ አካባቢ የሚኖር አንድ የ11 ዓመት ልጅ በሩ ላይ እንደደረሰ ጆሮውን ይዞ ይመለስ ነበር። አጎቱ ከቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋግሮ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያተኛ ሳይመጣ፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተቀንሶ ከአጎቱ ልጅ ጋር ብቻ እንዲጫወት አደረገ። በየጨዋታው መጨረሻ ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ያንተ ምርጫ» እንዲልና የሚቀጥለውን ቡድን ሌላው ልጅ እንዲመርጥ ተስማሙ። እያደር ያቺ «ያንተ ምርጫ» ከፕሌይስቴሽን ቤቱ ወጥታ እቤት፣ ቴሌቪዥን ሲከፈትና ሳህን ሲነሣ ትሰማ ጀመር። ቤተሰቡ ሆን ብሎ ቃሉን እቤትም ስለተጠቀመበት እንጂ ልጁ በራሱ ያሻገረው አልነበረም።

ሴት ልጆችን በተመለከተ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ፕሌይስቴሽን ቤት የወንዶች መዋያ ሆኗል፤ ኦቲዝምም ሆነ ኤዲኤችዲ በሴቶች ላይ ቶሎ አይታወቅም፣ «ዝምተኛ ናት»፣ «ሕልመኛ ናት» እየተባለ ይታለፋል። በቤት ውስጥ ስልኩ ሁልጊዜ ለወንድሟ የሚሰጥ ከሆነ፣ እሷም እኩል ጊዜና እኩል አብሮ የሚጫወት ሰው ያስፈልጋታል።

ልጄ አይናገርም። ምን ዓይነት ጌም ልስጠው?

አንድ ነገር ሲነካ አንድ ነገር የሚሆንበትን ቀላል ጌም ይስጡት፦ ሲነካ የሚፈነዳ አረፋ፣ ሲነካ የሚጮኽ እንስሳ። ስልኩን እጁ ላይ ጥለው አይሂዱ። ስልኩን እርስዎ ይያዙት፣ አንዴ ይንኩና «የኔ ተራ» ይበሉ፣ ከዚያ ወደ እሱ አስጠግተው «ያንተ ተራ» ይበሉና ይጠብቁ። ልጁ እጅዎን ከገፋ፣ ቀና ብሎ ካየዎት ወይም ድምፅ ካወጣ ንግግር ነውና ወዲያው ይመልሱለት። ይህ በቀን ለ10 ደቂቃ ቢደረግ ብቻውን ከሚያሳልፈው ረጅም ሰዓት ይበልጣል።

ስልኩ ወይም ታብሌቱ ልጁ ሥዕል እየነካ «ውኃ»፣ «ሽንት ቤት»፣ «አመመኝ» የሚልበት ከሆነ ግን ለቅጣት ብለው አይውሰዱበት። እሱን መውሰድ የሌላውን ልጅ አፍ እንደመያዝ ነው። ቢቻል ለጌም ሌላ አሮጌ ስልክ ይመደብ።

ጌሙን ሲያቆም ይጮኻል፣ ራሱን ይመታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል። ምን ላድርግ?

ብዙ ቤተሰብ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልመልስ። ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ መሻገር በራሱ ከባድ ሥራ ነው፤ ከሚወደው ነገር ወደማይወደው መሻገር ደግሞ እጥፍ ይከብዳል። ጩኸቱ ብዙውን ጊዜ ከብልግና አይመጣም።

መጀመሪያ፣ ማቆሚያው በደቂቃ ሳይሆን በጌሙ ይለካ። የእግር ኳስ ጨዋታ ሊያልቅ 2 ደቂቃ ሲቀረው «ሰዓትህ አልቋል» ብሎ መንጠቅ ማንንም ያስቆጣል፤ «ይህ ጨዋታ ሲያልቅ እናቆማለን» የሚለው ግን ልጁ ራሱ የሚያየው መጨረሻ ነው። ማይንክራፍት የመሰለ ማለቂያ የሌለው ጌም ከሆነ «ይህን ግድግዳ ስትጨርስ» ይበሉት። ሁለተኛ፣ አስቀድመው ይንገሩት፤ ሲነግሩትም ከማዕድ ቤት ሆነው ሳይጮኹ አጠገቡ መጥተው፣ ትከሻው ላይ መነካትን የሚወድ ከሆነ ነክተውት፣ የሚጫወተውንም ለአፍታ አብረው አይተው ይሁን። ሦስተኛ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር የታወቀ ይሁን። ከጌም በኋላ በቀጥታ የቤት ሥራ የሚመጣ ከሆነ ማቆም ቅጣት ይሆንበታል፤ መካከል ላይ ቆሎ መብላት፣ ውሻውን ማብላት ወይም ግቢ ውስጥ መሮጥ ቢገባ ይቀላል። አራተኛ፣ ጮኸ ተብሎ ጊዜ አይጨመርለት፤ ሲረጋጋም ተግሣጽ አይከተለው።

መብራት ግን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በሀዋሳ የሚኖር ልጅ ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ ሊማር ይገባል፤ የሚማረውም መብራት ባለበትና ልቡ በተረጋጋበት ሰዓት ነው። ሦስት ትንንሽ ካርዶች ይሣሉ፦ የጠፋ አምፖል፣ ስልኩ ቁም ሣጥን ላይ ሲቀመጥ፣ ከዚያም ልጁ የሚወደው መብራት የማይፈልግ ነገር፤ ለምሳሌ ብይ፣ ገበጣ ወይም የእጅ ባትሪ። መብራቱን ራስዎ እያጠፉ «መብራት ጠፋ» የሚል ጨዋታ ይለማመዱ፣ ካርዶቹንም በቅደም ተከተል ያሳዩት። የእጅ ባትሪዋ ያለችበት ቦታ ፈጽሞ አይቀየር። ጌሙም ልጁ የደረሰበትን ደረጃ በራሱ የሚያስቀምጥ ቢሆን ይመረጣል፤ የሠራው ቤት በሙሉ ጠፍቶበት የሚያለቅስ ልጅ ያለ ምክንያት አያለቅስም።

በቀን ስንት ሰዓት ይበቃል?

ለሁሉም ልጅ የሚሆን አንድ ቁጥር የለኝም። እነዚህ ልጆች ከሌሎች ይልቅ በጌም የመወሰድ ዝንባሌ እንዳላቸው ግን የታወቀ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ141 ወንድ ልጆች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው በቀን በአማካይ 2.1 ሰዓት፣ ሁለቱም የሌለባቸው ልጆች 1.2 ሰዓት ሲጫወቱ፣ ኦቲዝም ያለባቸውም ሆኑ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች ማቆም የመቸገር ምልክት በይበልጥ ታይቶባቸዋል።

ከሰዓቱ ይልቅ ምን እንደተተወ ይመልከቱ። እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ትምህርቱ፣ ሰውነቱን ማንቀሳቀሱና ከሰው ጋር መሆኑ እንዳለ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ብዙ ላይሆን ይችላል፤ እንቅልፍ የሚያጣ ከሆነ ግን ግማሽ ሰዓትም ከመኝታ በፊት ሲሆን ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዘርዝር የጌም ሱስን አካትቶታል፤ መለያዎቹም ልጁ መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌም ከሌላው ነገር ሁሉ ሲቀድምበትና ጉዳት እያየም ሲቀጥል ነው፤ ይህም በአብዛኛው ለ12 ወራት ያህል መታየት አለበት። አንድ ሳምንት ክረምት ላይ ብዙ የተጫወተ ልጅ ሱሰኛ አይባልም።

ከጌሙ በቀር የሚያወራው ነገር የለም። ላስቁመው?

አያስቁሙት፤ ይግቡበት። የሚወደውን ጌም ገጸ ባሕርይ ይሣል፣ ስሙን በአማርኛ ይጻፍ፣ ብሎኮቹን እየቆጠረ ያባዛ፣ ለአያቱ ሕጉን ያስረዳ። በየቦታው ሌላውን ሰው የሚያሰለች ከሆነ «አሁን ስለ ጌም አምስት ነገር ንገረኝ፣ ከዚያ እኔ ስለ ገበያው አምስት ነገር እነግርሃለሁ» እያሉ ማውራትና መስማት እንደሚፈራረቁ ያለማምዱት። እንግሊዝኛን ከጌምና ከዩቲዩብ ተምሮ በእሱ ብቻ የሚናገር ልጅም ይኖራል። ቃሉን በጌሙ ስም ከተቀበሉለት በኋላ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ይድገሙለት፤ «በእንግሊዝኛ አታውራ» ብሎ መቆጣት ግን ያለውን ጥቂት ንግግር ያደርቅበታል።

ማስታወቂያ፣ ገንዘብና የማያውቃቸው ሰዎችስ?

ነገርን እንደተባለው በቀጥታ የሚያምን ልጅ ለመታለል የተጋለጠ ነው። «እዚህ ተጫን፣ ሽልማት አለህ» የሚለውን እውነት አድርጎ ይወስደዋል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጌም ከሆነ ዳታውንና ዋይፋዩን ዘግተው ይስጡት፤ አብዛኛው ማስታወቂያ ይቀራል። የቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ ያለበትን ስልክ የይለፍ ቁጥሩን ከሚያውቅ ልጅ ጋር አይተዉ። የጽሑፍና የድምፅ መልእክት ያለበት ጌም ከሆነ መልእክቱን ይዝጉት፤ የማይዘጋ ከሆነ ሳሎን ውስጥ፣ ድምፁ ለሁሉም እየተሰማ ይጫወት። «ለእናትህ እንዳትነግር» የሚል ሰው ሁልጊዜ ለእናት የሚነገርበት ሰው መሆኑን እንደ ጌም ሕግ አድርገው ያስተምሩት፤ ሕግ ከሆነ እነዚህ ልጆች ይይዙታል።

የሚጥል በሽታ ካለበትስ?

አስቀድመው ሐኪሙን ይጠይቁ። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ይልቅ ይበዛል። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚቀሰቅስባቸው ግን በሽታው ካለባቸው ሰዎች መካከል 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆኑ፣ ልጁ ከእነዚህ አንዱ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ሐኪም ነው። እስኪታወቅ ድረስ ክፍሉ ብርሃን ይኑረው፣ ከስክሪኑ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ቀን አይጫወት።

ለምርመራና ለምክር ወዴት ልሂድ?

በከተማችን የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (ቀድሞ «ሪፈራል» ይባል የነበረው) የሥነ አእምሮ ክፍልና የሕፃናት ክፍል መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፤ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እዚያው አዲስ አበባ ይገኛል።

ሲሄዱ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛው ልጁ ጌም ሲጫወትና ሲያቆም በሌላ ስልክ የተቀረጸ የሁለትና የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ነው፤ ሐኪም ፊት ልጁ ደንግጦ ዝም ስለሚል፣ እቤት ያለውን ሁኔታ በቃል ማስረዳት ያስቸግራል። ሁለተኛው በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን እንደተጫወተ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረና እንዳቆመ፣ ሌሊቱን እንዴት እንደተኛ የተጻፈበት ወረቀት ነው። የልጁን መምህርም አንድ ገጽ እንዲጽፉልዎት ይጠይቋቸው፤ ክፍል ውስጥ የሚታየው ልጅና እቤት ጌም ላይ የሚታየው ልጅ አንድ ላይ ሲቀርቡ ነው ባለሙያው ምን እንደሚችልና ምን እንደሚከብደው ለይቶ የሚያየው።